የሬዚን ብናኝ በቤታችን

በዛሬው ጊዜ የቁልፍ መያዣ፣ የጌጥ ሣህንና የስም ሰሌዳ ከሬዚን እየሠሩ የሚሸጡ እናቶችና ወጣቶች አሉ። ሬዚኑ ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲደርቅም ይጠጥራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ፣ ይኸውም ትርፉን መቁረጥና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በጠባብ ቤት ከምድጃው አጠገብ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ምንጣፍ ላይ ሊከናወን ይችላል። ይህን ያነሣሁት በእህቴ ቤት ባየሁት ሥራ ምክንያት ነው።

እህቴ ልጆቿን ያሳደገችው አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረች። የሕንፃ ንድፍ የምትማረው ልጇ ያንን ቤት 1 ለ 50 አሳንሳ ለመሥራት ተነሣች። ግድግዳው ካርቶን ነው። የበረንዳው ቋሚዎች ግን ብዙና ተመሳሳይ ስለሆኑ አንዱን ከእንጨት ቀርጻ፣ በሲሊኮን ቅርጽ አውጥታ፣ ሌሎቹን በሬዚን አፈሰሰች። የድሮ የእንጨት በረንዳ አሠራር ለማየት በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በከፊል ወደጎዳው ጣይቱ ሆቴል ሄዳ ነበር። የመደገፊያውን ቁመት የሰጠቻት ግን እናቷ ናት፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እዚህ ድረስ ነበር» አለቻት።

እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ልክ 1 ሚሊ ሜትር የተፋቀ እንደሆነ ከቤቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህም ልጅቱ አትቸኩልም። ሬዚኑ በደንብ እስኪጠና ትጠብቃለች፤ ያልጠና ሬዚን ወረቀቱን ይሞላዋል፣ ቆዳንም ያስቆጣል። ቀጥላ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥበዋለች። የብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፋ ከ220 ቁጥር ትጀምርና ወደ 400፣ ከዚያም ወደ 600 ታልፋለች፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። የአየር አረፋ የተወውን ቀዳዳ በስቱኮ ትደፍነዋለች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በውኃ ነው፤ ውኃ የማይፈራው ወረቀት ከሬዚኑ ጋር እየረጠበ ሲፈተግ ብናኙ አይነሣም። የደረቀው ብናኝ እጅግ የላመ በመሆኑ ወደ ሳምባ ይዘልቃል። ነጠላ አፍንጫ ላይ ማጣፋት ለቡና ቁላ ጭስ ያገለግል ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይበቃም፣ ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ያስፈልጋል። የእጅ ጓንትም አይረሳ። ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ አይጠረግ። ዝቃጩም ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አይደፋ፤ ሲረጋ ተለይቶ ይጣል። የሥራ ልብስ ለብሶ ሕፃን ማቀፍ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

መደገፊያው አልቆ ሲቀርብላት እህቴ በጣቷ ዳሰሰችውና «የእኛ እንዲህ ልሙጥ አልነበረም» አለች። ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ተደግፋ የምትጠብቅበት ቦታ ቀለሙ ለቆ፣ እንጨቱም ጎድጎድ ብሎ ነበርና። ልጅቱም «እማዬ፣ መጀመሪያ ካልለሰለሰ የወረቀቱ ጭረት በዚህ ልክ ሲታይ መጥረቢያ የመታው ይመስላል፤ ያንቺን ቦታ አሁን አንቺው ሥሪው» ብላ ጭምብልና ጓንት ሰጠቻት።

እህቴ 400 ቁጥሩን ውኃ ውስጥ ነክራ ከደረጃው በኩል ሦስተኛውን ቋሚ ቆጠረች። ቀስ ብላ አራት ጊዜ ፈተገችው፤ አየችው፤ አንድ ጊዜ ጨመረች። ልጅቱ «በቃ፣ ይሰበራል» እስክትላት ድረስ አላስቀመጠችውም። ቀለሙ ገና አልተቀባም።