ጣርማ በር ላይ መብራቴ ሲጠፋ

ወንድሜ የዚያች ሌሊት ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ ዝም ይላል። እኔ ግን እናገራለሁ። ሞተሩን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ መብራቱን ያስገጠምኩትም እኔው ነኝ።

2011 ዓ.ም፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። የአጎታችን ቀብር ደብረ ሲና ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን መሸ። አክስታችን እጄን ይዛ፣ “ጉሙ ወርዷል፣ እዚሁ እደሩ” ብላ ለመነችኝ። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥራ መግባት ነበረብኝ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ሥራውን ትቼ አድር ነበር፤ ያንን መንገድ በሞተር ማታ ሄጄበት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን “ግድ የለም እትዬ፣ ፓውዛ አስገጥሜያለሁ” አልኳት። ወንድሜን ከኋላ አፈናጥጬ ስወጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል።

ፓውዛዎቹን ያስገጠምኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የሞተሬ የራሱ መብራት 35 ዋት ብቻ ስለሆነ ከከተማ ሲወጡ መንገዱን ሳይሆን የጎማውን ፊት ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። አህያ፣ ጉድጓድ፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ መንገደኛ፣ ሁሉም ድንገት ነው የሚመጣው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ደግሞ ያ አንድ ሰከንድ አልቋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሆኑ ሁለት ኤልኢዲ ገዛሁ። የገጠመልኝ ሰው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። የዋናውን መብራት ሽቦ ልጦ የፓውዛዎቹን ጠመዘዘበት፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ጨረሰ። በገጠመልኝ ዕለት ማታ ከከተማው ወጥቼ ሳበራቸው ሜዳው ሁሉ ቀን ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መፍጠን ጀመርኩ።

በመንገዳችን ባለው ጣርማ በር በክረምት ያለፈ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጫፉ ላይ ጉም ሆኖ ይተኛል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ጋ ስትደርስ አንዳንድ ቀን የዋሻው አፍ ራሱ አይታይም። እኛ ግን ዋሻው ጋ አልደረስንም።

ጉሙ የያዘን ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ነው። ፓውዛዎቹ የተሰቀሉት ማኑብሪዮው ላይ፣ ከዓይኔ ብዙም ሳይርቁ ነበር። ብርሃናቸው ጉሙን መትቶ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ፊቴ ነጭ ግድግዳ ሆነ። ረጅሙን መብራት ወደ አጭር ቀየርኩ። ፓውዛዎቹን ግን ለብቻቸው ማጥፋት አልችልም፤ የተቀጠሉት ከዋናው ላይ ስለሆነ እሱ ሲበራ ይበራሉ፣ ሲጠፋ ይጠፋሉ። በአንደኛ ማርሽ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እየፈለግሁ ሄድኩ። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ “ጋሼ፣ እንመለስ” አለኝ። መመለስ ነበረብኝ።

አንድ ኩርባ ላይ ከተራራው የወረደ ጭቃ የእኛን መስመር ዘግቶታል። ሞተሩን አዘግሜ ማኑብሪዮውን ወደ ግራ ጥግ ድረስ አጠፍኩት። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። የፊቱ፣ የኋላው፣ ፓውዛዎቹ፣ ፍሬቻው ሁሉ። ክላክሱን ብጫነው ድምፅ የለም። ሞተሩ ግን እየሠራ ነው፤ እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ከራሱ ማግኔት ስለሆነ ከታች ይንደቀደቃል። የሚሄድ ነገር ላይ ተቀምጬ ምንም አላይም፤ ማንም አያየኝም። ለመስማት ብዬ አጠፋሁት።

ከላይ በኩል ከባድ መኪና በማርሽ ታግዶ ሲወርድ ተሰማን። ጭቃውን ለመሸሽ ወደ ግራ ስለወጣን የቆምነው በእሱ መስመር ላይ ነው። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ አበራ፤ የስልኩ ብርሃን የራሱን እጅ አሳየውና አበቃ። ሁለታችንም ሞተሩን ወደ ቀኝ መግፋት ጀመርን፤ ቀኝ ነው ብለን ወደምናስበው ማለቴ ነው። በአንዱ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል እንዳለ አውቃለሁ።

እግሬ ድንጋይ መታ። ቀጥሎ ሌላ ድንጋይ። በእኛ አገር መኪና ሲበላሽ ረዳቱ የኋለኛው ሰው እንዲያይ ድንጋይ ይደረድራል፤ ብዙዎቹ ሲጠገኑ ድንጋዩን ሳያነሱ ይሄዳሉ፤ እኔም በዚህ ዕድሜ ልኬን ስበሳጭ ኖሬያለሁ። ያን ሌሊት ድንጋዮቹን በእግሬ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ገደል ላይ ማንም ድንጋይ አይደረድርም፣ ድንጋይ ካለ መንገድ አለ፣ ከፊቱም የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አሰብኩት ወይስ በኋላ፣ መለየት አልችልም።

የሚወርደው መኪና መብራት የታየን አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው። ሾፌሩ ጠርዙን ፈርቶ መሃል መንገዱን ይዟል። የሞተሩ የኋላ ጎማ ገና ከድንጋዮቹ አልገባም ነበር። እኔ ማኑብሪዮውን አልለቀቅሁም። ወንድሜ ጃኬቴን ከጀርባ ጨምድዶ ሳበኝ፤ መኪናው የኋላውን ጎማ መታው፣ ሞተሩ ዞሮ እኔን ድንጋዮቹ ላይ ጣለኝ። የቀኝ ትከሻዬ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። መኪናው አልቆመም። የመታው ነገር መኖሩን ያወቀ አይመስለኝም፤ አልፈርድበትም።

ከድንጋዮቹ ጫፍ ጭነቱን እንደያዘ የቆመ ተሳቢ ነበር። ረዳቱ ጩኸቱን ሰምቶ በባትሪ መጣ። ጋቢና ውስጥ አስገቡን፤ ክንዴን በነጠላ አስረው ደረቴ ላይ ሰቀሉልኝ፣ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ቆሎ አቀረቡ። ሾፌሩ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ወንድሜን ይዘው ወርደው ሞተሩን መፈተሽ ጀመሩ። ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል። መለዋወጫውን ሲያስገቡት እሱም ወዲያው ተቃጠለ። ከዚያ ሽቦውን በጣታቸው ተከትለው ሄደው ማኑብሪዮው የሚዞርበት አንገት ጋ አገኙት። የፓውዛው ሽቦ ተወጥሮ በብረቶቹ መሃል አልፏል። ማኑብሪዮው በዞረ ቁጥር ሲፋቅ ሦስት ሳምንት ከርሞ፣ ያን ማታ መዳቡ ብረቱን ነካ፤ ኮንታክት ሆነ።

“ልጄ፣ የራሱ ፊውዝ ቢኖረው እኮ ፓውዛው ብቻ ነበር የሚጠፋው” አሉኝ፣ ወደ ጋቢናው ተመልሰው። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ሲነጋ ከጋቢናው ወርጄ የመንገዱን ወዲያኛ ጠርዝ አየሁት። መብራቱ ሲጠፋ ከቆምንበት እስከ ገደሉ አምስት እርምጃ ነበር።

ትከሻዬ እስኪጠገን ጥቅምት ገባ። እናቴ ሞተሩን እንድሸጠው ለመነችኝ። አልሸጥኩትም፤ ፓውዛ መጠቀሙንም አልተውኩም። 35 ዋት አሁንም 35 ዋት ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። የአሁኑን ገጠማ ግን ከሠራተኛው አጠገብ ቆሜ፣ እያንዳንዱን ሽቦ እየጠየቅሁ ነው ያሠራሁት። መስመሩ ከባትሪው በቀጥታ ይነሳል፤ ባትሪው ሥር የራሱ 5 አምፔር ፊውዝ አለው። ሁለቱ ፓውዛዎች በ12 ቮልት የሚስቡት ከሦስት ተኩል አምፔር በታች ስለሆነ ይበቃዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ሪሌ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ለብቻው ነው። አንገቱ ጋ ሽቦው ላላ ብሎ፣ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ሁሉንም አብርተን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ባትሪው ላይ ለካን፤ ከ13 ቮልት አልወረደም። ቢወርድ ኖሮ ሞተሩ ከሚያመነጨው በላይ እየበላሁበት ነው ማለት ነበር።

የፓውዛዎቹ ሻጭ ቢጫ መብራት ጉም ይበሳል ብሎኝ ነበር። የጉም ጠብታ ግን ነጩንም ቢጫውንም እኩል ነው የሚመልሰው። ለውጥ ያመጣው ቁመቱ ነው። አሁን ፓውዛዎቹ ታች፣ የሞተሩ መከላከያ ብረት ላይ ናቸው። ብርሃናቸው ወደ ጎን ሰፍቶ ከጉሙ ሥር አስፋልቱን ይልሳል፤ ዓይኔ ላይ አይመለስም። ከፊት ለሚመጣው ሰው ደግሞ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ሆነው በሦስት ማዕዘን ይታያሉ። አንድ መብራት ብቻ ሲሆን ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ ሞተር ይሁን አንድ ዓይና መኪና ለመለየት ያስቸግራል።

ያስተካከልናቸው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ ማታ ነው። ወንድሜ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ሄዶ ቆመና በስልክ “ግራው ዓይኔን ይወጋኛል፣ ዝቅ አድርገው” አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። “አሁን ደህና ነው” አለ። ስልኩን የዘጋ መስሎኝ ነበር።

“ጋሼ፣ ማኑብሪዮውን ጥግ ድረስ አዙረው።”

ወደ ግራ አዞርኩት፤ ወደ ቀኝ መለስኩት። ሦስቱም በርተዋል።

“ድገመው” አለኝ። ደገምኩት።

“አሁንም።”