የሚያየው ሌላ፣ የሚያጠፋው ሌላ

የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። ሞተር ሲነሳ ሄድሴት አድርጌ መሬት ላይ እቆማለሁ፤ ከኮክፒት ጋር እነጋገራለሁ። "ታዲያ ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ማየት" እላለሁ። ይስቃሉ። ቀልዴን ግን አይደለም።

አብራሪው ክንፍ ሥር ያለውን ሞተር ከመቀመጫው ሆኖ አያየውም። የሚያውቀው መሣሪያዎቹ የነገሩትን ነው። እነሱ የማይነግሩት እሳት ደግሞ አለ። ሞተር ሲነሳ ወይም ሲጠፋ ውስጡ የተጠራቀመ ነዳጅ ይቀጣጠልና ነበልባሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የእሳት ጠቋሚዎቹ ያሉት ከሞተሩ አካል ውጪ፣ በሽፋኑ ሥር ነው። እሳቱ ውስጥ ስለሆነ ደወል አይጮህም።

አንድ ማታ ይኸው ገጠመኝ። "ካፒቴን፣ ሁለት ቁጥር ሞተር፣ ከጭስ ማውጫው እሳት ይወጣል" አልኩት።

"እዚህ ምንም የለም" አለኝ።

"ከኋላ ነው። ሽፋኑ ደህና ነው።"

ነዳጁን ዘጋ፤ ስታርተሩን ግን አላቆመም። ሞተሩ ያለ ነዳጅ ሲሽከረከር አየሩ እሳቱን ጠራርጎ አወጣው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ማጥፊያውን እየጎተተ ሲሮጥ በእጄ አስቆምኩት። ዱቄቱ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል፤ ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚረጨው። አብራሪው ከኮክፒት የሚለቀው ማጥፊያም የሚረጨው በሽፋኑና በሞተሩ መካከል ስለሆነ የውስጡን እሳት አያገኘውም። እቤት ምድጃ ላይ እፍ ስንል እሳት ይነሳል፤ እዚህ በነፋስ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ነበልባሉን በመስኮት ሲያይ በር ከፍቶ ሊዘል ይችላል። እሳቱ ያልነካው ሰው በመውጣት ብቻ ይጎዳል።

ከሽፋኑ ውጪ የወጣ እሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 ማንቸስተር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ለመነሳት ሲሮጥ የግራ ሞተሩ ፈንድቶ የክንፉን ነዳጅ ጋን ቀደደው። አብራሪዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ነበር። አውሮፕላኑ ሲቆም ቀላል ነፋስ እሳቱን ወደ አካሉ ገፋው። ከ137 ሰዎች 55ቱ ሞቱ፤ ብዙዎቹን የገደለው ጭሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2016 ደግሞ ቺካጎ ላይ የአንድ ቦይንግ 767 የቀኝ ሞተር ተሰባብሮ ክንፉ ተቀጣጠለ። 170ውም ሰዎች በሕይወት ወጡ። ነገር ግን መንገደኞች በግራ በኩል መውረድ ሲጀምሩ የግራው ሞተር ገና እየሠራ ነበር፤ አንድ ሰው በንፋሱ ተመትቶ ክፉኛ ተጎዳ። አብራሪዎቹ የተከተሉት የሞተር እሳት ዝርዝር አየር ላይና መሬት ላይ ያለውን እሳት አይለይም ነበር።

ሁለቱንም ሳስብ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። እሳቱን የሚያየው ሰው ማጥፊያው እጁ ላይ የለም፤ ማጥፊያው ያለው ሰው እሳቱን አያይም። በመካከላቸው ያለችው ጥቂት ቃል ናት። ለዚህ ነው አዲስ ልጅ ሲመጣ ከሁሉ በፊት "እሳት!" ብለህ አትጩህ የምለው። የትኛው ሞተር እንደሆነ ንገረው። ከውስጥ ይሁን ከውጪ ንገረው። ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋውም ንገረው። ከዚያ ካፒቴኑ መልሶ እስኪነግርህ ድረስ ዓይንህን አትንቀል።