ቫይረስ አይደለም፣ ሙቀት ነው

ቆላ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያዘግም የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል»። ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ፣ ጋምቤላም ሆነ ጎዴ ይኸው ፍርድ ያለ ይግባኝ ይጸናል። ቅጣቱም የታወቀ ነው፤ ፎርማት። ጠጋኙ ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ሸክሙ ቀላል ስለሆነ ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት የተሻለው ይመስላል። ከዚያ ግንቦት ይገባል።

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ሴት በዚህ ፍርድ ሦስት ጊዜ ተቀጥታለች። የእሷ ማሽን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲከፈት እንደ ልቡ ይሮጣል። ወደ አምስት ሰዓት ሲሆን ፊደሉ ከጣቷ ኋላ መቅረት ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ፣ ወረፋው በረዘመ ጊዜ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጥፍት ይላል። ሦስተኛው ፎርማት ሲደረግ የአንድ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሁለት ዕድሮች መተዳደሪያ ደንብና ለዓመታት ያጠራቀመቻቸው የማመልከቻና የውል ቅጾች አብረው ተጠረጉ። ጠጋኙ «ፋይል አለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቋታል፤ እሷም ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን አሳይታዋለች። ሌላኛው ፎልደር ትዝ ያላት ማሽኑ ከተመለሰ በኋላ ነው። ተመራቂው በእጁ የቀረው አማካሪው በቀይ ቀለም ያረመው የወረቀት ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ አራት ሌሊት ቁጭ ብላ በነጻ መልሳ ተየበችለት። ልጁ አልተቆጣም፤ የከበዳትም እሱ ነበር።

ማሽኑ ለአራተኛ ጊዜ ሲታመም ሌላ ወጣት መጥቶ ምንም ሳይሰካ የጎኑን ክዳን ፈታው። በፋኑና ከሥሩ ባለው የአሉሚኒየም ክንፍ መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። በጣቱ ቆንጥሮ ሲያነሳው በአንድ ቁራጭ ተላቆ ወጣ። ቫይረስ ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ አይነሳም። ጠዋት የሚሮጥና ከሰዓት የሚዝል ማሽን ሲገኝ ከፍላሽ በፊት ዊንች ማንሳት ይገባ ነበር።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ላዩ ላይ የተቀመጠው የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ክንፍ ሙቀቱን ይስባል፣ ፋኑ ደግሞ በአየር ጠርጎ ያወጣዋል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ፋን ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ ማሽኑን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው ከቶ አይችልም። እንበልና 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሥራ ሲበዛበት 65 ዲግሪ የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ያንኑ ሥራ 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል ሲሠራ ወደ 81 ይጠጋል። አቧራው ሲታከልበት 95 እና 100 ሩቅ አይደለም። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ጠጋኙ «ቫይረስ» ያለው ይህንን ራስን የማዳን ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ይህ ጣጣ አይታየውም። የሚገርመው፣ በስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለፋን መጥፎው ቦታ አዲስ አበባ በሆነ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ ፋኑ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚጠርገው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ግን የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ላይ ናቸው። አየሩ ወፈር ይላል፣ ፋኑም የተሻለ ይጠርጋል፤ ሆኖም ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬዳዋ ቀን 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያ ሲያልፍ፣ ትርፉ ሁሉ ይበላል።

በዚህ ላይ የቤት አያያዝ አለ። ለንጽሕና ተብሎ የሚደረገው ነገር ብዙውን ጊዜ ማሽኑን የሚያፍን ነው። ሰው ሁሉ «ሲፒዩ» የሚለው ሳጥን በር ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ በሩም አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ይዘጋል። የተነፈሰውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚተነፍሰው ማለት ነው። ከላይ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሲያድር ጥሩ ነው፤ ሲሠራ ግን ከላይ ያለውን መተንፈሻ ይደፍናል። ከግድግዳ ጋር የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ በጀርባው የሚወጣው አየር መሄጃ የለውም። አየሩ ከፊት ገብቶ በጀርባና በላይ እንዲወጣ ነው ሳጥኑ የተሠራው። አንድ ስንዝር ከግድግዳ ማራቅ፣ ከወለሉም ማንሳት፣ ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው።

ክዳኑን ፈትቶ የቆመ ቬንትሌተር ማዞርስ? በቆላ ከተሞች በጣም የተለመደ ነው፤ ለጊዜውም ይሠራል። ነገር ግን ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ያ አሸዋ በየቤቱ ይገባል። ቬንትሌተሩም ሳይመርጥ ወደ ማሽኑ ይነፋዋል። በሳምንቱ የቀዘቀዘው ማሽን በሦስት ወሩ ይታነቃል። ክዳኑን ከፍቶ የሚሠራ ሰው በየወሩ ማጽዳት አለበት፤ ካላጸዳ መክፈቱ ይጎዳዋል። ጽዳቱም ቢሆን ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ደጅ አውጥቶ በብሎወር ማራገፍ ነው። የፋኑ ክንፍ በንፋሱ ኃይል ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከር በእርሳስ ወይም በጣት መያዝ ይገባል፤ አለዚያ ሲጸዳ የሚሰበር ፋን ብዙ ነው። በፕሮሰሰሩና በክንፉ መካከል ያለው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የሚሉት፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። እሱን ጠርጎ አዲስ መቀባት ከአንድ ፎርማት የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

የድሬዳዋ ሰው ራሱ ሙቀትን መያዝ ያውቅበታል። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፣ ፀሐይ ሲበርድ እንደገና ይከፈታል። ከተማው ይህን ጥበብ ለኮምፒውተር አላስተማረም። ባለቤቷ ስትወጣ በሩም መስኮቱም ይቆለፋል፣ ቬንትሌተሩ ይጠፋል፣ ማሽኑ ግን «አሁን እመለሳለሁ» ተብሎ እንደበራ ይቀራል። የቀኑን ከባድ ሙቀት ብቻውን፣ አየር በማይዞርበት ክፍል ውስጥ ያሳልፋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲጀምር ማሽኑ አስቀድሞ ደክሟል። ማጥፋትና መልሶ መክፈት የሚወስደው የደቂቃዎች ጊዜ ነው፤ ያን ያህል ትዕግሥት ግን በምሳ ሰዓት ከማንም አይገኝም።

አንድ ማሽን ይህን ያህል ካስቸገረ አርባ ማሽን ያለው ክፍል ምን ሊሆን ነው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ የጠጋኞች ብቻ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋት ይበላል ቢባል አርባው 4,000 ዋት ነው። አንድ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከሰውነቱ ወደ 100 ዋት ሙቀት ይለቃል፤ አርባ ተፈታኝ ሌላ 4,000። በድምሩ 8,000 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። እንግዲህ ሁለት ምጣድ ክፍሉ መሐል ተጥዶ፣ ማንም እንጀራ ሳይጋግርበት፣ ለሰዓታት ሲግል ማለት ነው። የጋምቤላው ተማሪና የደብረ ብርሃኑ ተማሪ የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የተቀመጡበት ክፍል አንድ አይደለም። ከማሽኖቹ ግማሹ በሙቀት ቢያዘግሙ የሚጎዳው ማሽኑ አይደለም።

በሌላ በኩል ሙቀትን እንደ ጋኔን መፍራትም ልክ አይደለም። የጉግል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው፣ ሙቀትና ብልሽት የተገመተውን ያህል አለመያያዛቸውን አግኝተዋል፤ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ሙቀቱ በጣም ከፍ ሲል፣ በተለይም ባረጁት ዲስኮች ላይ ነው። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገው ሙከራ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሰርቨሮችን ከነአቧራው በውጭ አየር ብቻ እስከ 32 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት አሠርቷቸዋል፤ አቧራ ለብሰውም ሠርተዋል። ስለዚህ 18 ዲግሪ ላይ የተደረገ ኤሲ የሌለው ቢሮ ኮምፒውተር ሊኖረው አይገባም የሚለው የአንዳንድ ኃላፊዎች ክርክር ከማሽኑ ይልቅ ለኃላፊው ምቾት የቆመ ይመስላል። ኤሲው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በኃላፊው ክፍል ነው፤ ሰርቨሩ መጋዘን ውስጥ ነው።

በሙቀት በእርግጥ የሚሞተው ማንም የማያየው ዕቃ ነው። የዩፒኤስ ባትሪ የሚመዘነው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ስሌት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይላል። አራት ዓመት ሊያገለግል የተገዛ ባትሪ በ35 ዲግሪ ክፍል ሁለት ዓመት ይሆናል፤ በጠረጴዛው ሥር፣ የሳጥኑ ትኩስ አየር በሚወጣበት አፍ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ያንንም አይሞላም። ከዚያ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮኾ ሳይጨርስ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ በርሜሎች፣ ካፓሲተሮቹም፣ በዚሁ ስሌት ያረጃሉ፤ አናታቸው ካበጠ ነገሩ አልቋል።

መፍትሔው ትልቁ ድርሻ ያለው ከግዢው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፔንቲየም 4 ትውልድ ፕሮሰሰሩ ብቻ እስከ 115 ዋት ይለቅ ነበር፤ ዛሬ ለጽሕፈትና ለመዝገብ ሥራ የሚበቃ 35 ዋት ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ይገኛል። አንድ የቆላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለልደት ምዝገባ የጨዋታ ኮምፒውተር የሚያህል ጉልበት አያስፈልገውም። የጨረታ ዝርዝር መግለጫዎች ግን ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክ፣ ስለ ስክሪን ኢንች በጥንቃቄ ሲጽፉ፣ ማሽኑ ስንት ዋት ይልቀቅ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ይሆናል የሚል መስመር እምብዛም አይታይባቸውም። በዚያ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት በጀት ይያዛል፤ በዓመት አራት ጊዜ ብሎወር ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚከፈል ግን በየትኛው ሂሳብ መደብ እንደሚወራረድ ገንዘብ ያዡ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሰውየው አይጠራም፣ ማሽኑ ያዘግማል፣ «ቫይረስ» ተብሎ ፎርማት ይደረጋል፣ መዝገቡም አብሮ ይሄዳል።