ከጄኔቫ ለሰቆጣ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለሥልጠና ብመጣም ዛሬ የምጽፍልዎት እዚህ ስላለው ሐይቅ ነው።

በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረ ቦል ዶር የሚባል የሸራ ጀልባ ውድድር አለ። ከጄኔቫ ተነሥተው ማዶ ጫፍ ያለችውን ለ ቡቭሬ የተባለች መንደር ዞረው ይመለሳሉ፤ 123 ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩ ነፋሱ ነው፤ ውድድሩ በሚደረግበት ወቅት ብዙ ጊዜ ሽው ብሎ ይጠፋል። ኃይለኛ ነፋስ ማንንም ይነዳል፤ ባለሙያው የሚለየው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

መደበኛው ሸራ ወፍራም ስለሆነ ነፋሱ ሲደክም ቅርጹን አጥቶ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ስፒናከር ይሰቅላሉ፤ ከስስ ናይለን የተሰፋ፣ ሆዱ የተነፋ ሸራ ነው፤ አንዳንዱ በካሬ ሜትር 40 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ከጎን ለሚመጣው ደካማ ነፋስ ግን ኮድ ዜሮ አለ። አፈጣጠሩ ደስ ይላል። የጀልባ ውድድር ደንቡ አንድ ሸራ ስፒናከር የሚባለው የመሃሉ ስፋት ከግርጌው ቢያንስ 75 በመቶ ሲሆን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው የዊትብሬድ የዓለም ዙሪያ ውድድር ፖል ካያርድ የመራት ኢኤፍ ላንጉዊጅ የተባለች ጀልባ ደንቡን ሳትጥስ በጣም ዝርግ የሆነውን ይህን ሸራ ይዛ ቀረበች፤ ውድድሩንም አሸነፈች።

ከሁሉ የገረመኝ የሰዎቹ እርጋታ ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ተቀምጠው ጀልባዋን ያዘነብሏታል፤ ሸራው በገዛ ክብደቱ ወደዚያው ወርዶ ቅርጽ ይይዛል። ድንገት የሚነሣ የለም፤ ጀልባዋ ከተናወጠች ሸራው የያዘውን ነፋስ ያራግፋል። እርስዎ አውድማ ላይ ላይዳ ይዘው ነፋስ እንደሚጠብቁት ይጠብቃሉ። ነፋሱ ከጎን ሲሆን ጀልባዋ አንዴ ከተንቀሳቀሰች ደግሞ ጉዞዋ ራሱ ነፋስ ይጨምርላታል።

ልቤ ግን ተከዜ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ያቆረው ውኃ እስከ እኛ አበርገሌ ዘልቋል፤ ልጆቻችንም ዓሣ ያሰግሩበታል። ለእነሱ ኮድ ዜሮ አይሆንም፤ ውድ ነው። ስስ ናይለኑንም የቆላ ፀሐይ ቶሎ ይጨርሰዋል። ተራ፣ ቀለል ያለ፣ ልብስ ሰፊ የሚጠግነው ሸራ ግን የጀልባ ሞተራቸውን የነዳጅ ወጪ ያቀልላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሸለቆው ነፋሱን ስለሚያዟዙረው መጀመሪያ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል።

እባክዎ ወደ አበርገሌ የሚወርድ ሰው ካገኙ ዓሣ አስጋሪዎቹን ያስጠይቁልኝ፦ ነፋሱ በስንት ሰዓት ይነሣል? ከየት ይመጣል? ማታስ ይዞራል? መልሱ ሲደርሰኝ እዚህ ካለ ሸራ ሰፊ ጋር እመክርበታለሁ።

ልጅዎ