ያልተጠየቀ ሕመም

ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ በእናታችን እኅት ላይ ቅያሜ ይዘን ስድስት ዓመት ኖርን። በትግርኛ «ሓትኖ» እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሴት እንደ እናት አሳድገውናል። ሆኖም በዚያች ዕለት ከበሮው ተመትቶ ጓይላ የሚባለው ጭፈራ እንደ ተጀመረ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳይሰናበቱን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያም ወዲህ ከማኅበር ቀሩ፤ ሰው ተሰብስቦ ከሚሥቅበት ቦታም ራቁ። እኛም ኩራት መስሎን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ምክንያቱን የነገረችን ባለቤታችን ናት። ሓትኖ አምስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ፣ ሲያስሉ ወይም ሲሥቁ ወይም እንስራ ሲያነሡ ሽንት ያመልጣቸው ኖሯል። ስለዚህ በሠርጋችን ዕለት የሸሹት ጭፈራውን እንጂ እኛን አልነበረም።

ይህን በሰማን ጊዜ አፈርን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሰው አካል ስንማር መምህራችን ከወገብ በታች የሚናገረውን ገጽ ዘለውት ነበር። ያንን ገጽ በሠላሳ አራት ዓመታችን ፈልገን አነበብነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽንት ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች የሚባሉ ጡንቻዎች አሉ። እነዚህ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሲላሉ፣ ሳል ወይም ሣቅ ሆድን በተጫነ ጊዜ ሽንት ያመልጣል። ፊስቱላ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ብዙ ጊዜ በተራዘመ ምጥ የሚመጣ ቀዳዳ ስለ ሆነ ሽንቱ ሳያቋርጥ ይፈሳል።

አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እነዚህን ጡንቻዎች በልምምድ ማጠንከር እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፈው ነበር። የአንድ ሐኪም ቃል ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና፣ ካሪ ቦ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኖርዌይ 107 ሴቶችን በዕጣ በአራት ክፍል መደቡ። ለአንደኛው ክፍል ልምምድ፣ ለሁለተኛው በኤሌክትሪክ ጡንቻን ማነቃቃት፣ ለሦስተኛው በብልት ውስጥ የሚያዝ ትንሽ ክብደት ተሰጠ፤ ለአራተኛው ከእነዚህ አንዱም አልተሰጠም። የልምምዱ ክፍል ሴቶች ጡንቻቸውን ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥብቀው መያዝን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ወር ሠሩ። መርማሪውም ማን ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነች ሳያውቅ መረመራቸው፤ ያመለጠውም ሽንት በሚዛን ተመዘነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ውጤት ልምምዱ ከሌሎቹ እንደ በለጠ አስረዳ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሴቶች የሚያሳፍራቸውን ነገር ለማያውቁት ሰው ባይናገሩ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ሊታወቅ ባልቻለ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ በትግርኛም በአማርኛም አለ። ነገር ግን በሽታን የሚደብቀው ታማሚው ብቻ አይደለም፤ የማይጠይቀው ዘመድም አብሮ ይደብቀዋል።

ባለቤታችን ሓትኖን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ አዋላጂቱም ልምምዱን አስተማረቻቸው። ልምምዱ ሁሉን አያድንም፤ ላልተሻላቸው ቀዶ ሕክምና እንዳለ ተነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን ከወር ወደ ወር ለውጥ አይተዋል። ባለፈው ፋሲካ ከቤታችን መጥተው፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ ተቀመጡ። ስለ ስድስቱ ዓመት ይቅርታ ስንጠይቃቸውም ሣቁብን።

አንባብያን ሆይ፣ ከሰው የራቀች እናት ብታዩ፣ ኮራች ከማለታችሁ በፊት ጠይቋት።