ከዓሣው በፊት ውሃው



ለመሆኑ የባህር ፍጡርን በአፓርታማ ሳሎን ውስጥ ማኖር ይቻላልን? ቢቻልስ ተገቢ ነውን? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቤታችን ያስነሱት ልጆቻችን ናቸው። የምንኖረው ጅዳ ከተማ ሲሆን መተዳደሪያችንም ማስተማር ነው። በልጅነታችን ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ስላደግን፣ አንድ ነገር ሲገጥመን ሳይንሱ ምን ይላል፣ ዲናችንስ ምን ይላል ብለን ሁለቱንም መጠየቅ ልማዳችን ነው። ስለሆነም ልጆቹ «የጨው ውሃ አኳሪየም ይገዛልን» ባሉን ጊዜ እሺም እምቢም ሳንል መጀመሪያ ነገሩን ለመመርመር ወሰንን።

ከዲኑ በኩል ሁለት የታወቁ ሐዲሦች ወደ አእምሯችን መጡ። አንደኛው የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም የሆነው የትንሹ የአቡ ዑመይር ታሪክ ነው። ይህ ሕጻን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ በሞተችበት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕጻኑን እያጫወቱ ስለ ወፏ ጠይቀውታል። ዑለማዎችም ከዚህ በመነሳት፣ ቀለቧና ደህንነቷ እስከተጠበቀ ድረስ ወፍን ቤት ውስጥ ማኖር እንደሚፈቀድ አስረድተዋል። ሁለተኛው ደግሞ ድመትን ዘግታ፣ ሳታበላት፣ ወጥታ እንዳትበላም ሳትለቃት በረሃብ የገደለችው ሴት ታሪክ ነው፤ መጨረሻዋም ቅጣት ነበር። እንግዲህ ፈቃዱ ከግዴታ ጋር ተያይዞ የመጣ መሆኑን ከሁለቱ ታሪኮች እንረዳለን። አንድን ፍጡር በእጃችን ካስገባን ሐቁም በእጃችን ገብቷል ማለት ነው።

የዓሣ ሐቁ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ምግብ» እንላለን። ነገር ግን ሳይንሱን ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ ሌላ ነው። የዓሣ ሐቁ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። እኛ አየሩን ሳናስብ እንደምንተነፍስ ሁሉ፣ ዓሣም በውሃው ውስጥ ይተነፍሳል፣ ይጸዳዳል፣ ይጠጣልም። የባህር ዓሣ ውሃውን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደግሞ ውሃ በገላው እየገባበት ስለሚያስቸግረው ያንን በሽንት ያስወግዳል። ከእነዚህ አንዱን በሌላው ውሃ ውስጥ መክተት ማለት አብዛኛውን ጊዜ መግደል ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት ባህር መሥራት ነበረብን።

ባህር እንዴት ይሠራል?

ጅዳ የባህር ዳር ከተማ ናት። ታዲያ ከኮርኒሹ በባልዲ ቀድቶ ማምጣት አይቀልም ወይ? ልጆቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን በትልቅ ከተማ ዳርቻ ያለ ውሃ ከመንገድ የሚታጠብ ዘይትና ፍሳሽ ሊገባበት ስለሚችል አስተማማኝ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ቀይ ባህር ከሌሎች ባህሮች ይልቅ ጨው ይበዛበታል። በ1 ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ሲገኝ በቀይ ባህር ግን ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ምክንያቱም ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ የሚገባበት ወንዝ የለም ማለት ይቻላል፣ ከውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው የባበል መንደብ በርም ጠባብ ነው። በሱቅ የሚሸጡት ዓሦች አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡና በ35 ግራም የኖሩ ናቸው።

ስለዚህ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን የባህር ጨው ገዛን። ይህ ጨው የወጥ ጨው አይደለም፤ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ሌሎችን ማዕድናት አሟልቶ የያዘ ነው። ገንዳችን 200 ሊትር የሚይዝ በመሆኑ 7 ኪሎ ግራም ያህል አስፈለገን። የቧንቧውን ውሃ እንዳለ መጠቀም አይቻልም። ለሰው ጤና የሚጨመረው ክሎሪን ዓሣን ይጎዳል፤ ከቧንቧ የሚነሳ ጥቂት መዳብም ሽሪምፕንና መሰል ፍጥረታትን ይገድላል። በመሆኑም ውሃው በልዩ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ስለሚያፈስ፣ እስራፍ እንዳይሆንብን የሚፈሰውን በባልዲ እየተቀበልን ወለል እናጥብበታለን።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው የጅዳ የቧንቧ ውሃ ራሱ ከባህር የመጣ መሆኑ ነው። ከተማዋ የባህር ውሃን ጨው አውጥታ መጠጣት የጀመረችው በኦቶማኖች ዘመን ሲሆን መሣሪያውንም ሕዝቡ «ኪንዳሳ» ይለው ነበር። እኛ ደግሞ ሰዎች ደክመው ያወጡትን ጨው መልሰን እንጨምርበታለን። ልጆቹ በዚህ ነገር ብዙ ሳቁ።

ገንዳውን ከከተማዋ ከሚለቅ ቤተሰብ በርካሽ ገዛነው። ከዚህ በፊት የዓሣ በሽታ መድኃኒት ተብሎ መዳብ ተጨምሮበት እንደሆነ ጠይቀን፣ እንዳልሆነ ካረጋገጥን በኋላ ነበር የተቀበልነው። 200 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር 300 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀመጥነው። ጨውና ውሃውን በበርሜል ውስጥ በፓምፕ እያማሰልን አንድ ቀን ካሳደርነው በኋላ የጨዉን መጠን ለክተን ገንዳውን ሞላን። የውሃው ሙቀትም 25 እና 26 ዲግሪ መካከል እንዲሆን አደረግን።

ዓሣ የሌለበት ገንዳ

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ልጆችን የሚፈትነው። ገንዳው ሞልቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ፓምፑ ይሠራል፤ ዓሣ ግን የለም። እንዲህ ሆኖ ስድስት ሳምንት ቆየ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከዓሣው ኩስና ከምግቡ ትራፊ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በሰፊው ባህር ይህ ተበትኖ ይጠፋል፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ዓሣውን ያቃጥለዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ግን ለዚህ ሥራ ዓይን የማያያቸውን ባክቴሪያዎች ፈጥሯል። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ይህም ገና መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን በ1890 ገደማ ያሳየው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። ባክቴሪያዎቹ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛም አንዲት ጥሬ ሽሪምፕ ገንዳው ውስጥ ጣልን፤ እሷ ስትበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ የባክቴሪያዎቹ የመጀመሪያ ቀለብ ነው።

ትልቁ ልጃችን በየሦስት ቀኑ ውሃውን በመመርመሪያው ጠብታ እየለካ ቁጥሩን በደብተር ይጽፍ ጀመር። አሞኒያው ወጣ፤ ቀጥሎ ወረደ። ናይትራይቱ ተነሳ፤ እሱም ወረደ። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ መጣ። በክፍል ውስጥ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እየሳልን ያስተማርነው የናይትሮጅን ዑደት ለልጃችን በእጁ በጻፈው ቁጥር ታየው። ትዕግሥት ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ ሳይሆን የማይታይ ሥራ መኖሩን አምኖ መጠበቅ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አግኝተን አናውቅም።

የትኛው ዓሣ?

ልጆቹ በ2003 የወጣውን የዓሣ ካርቱን ፊልም ስላዩ ብርቱካንማዋንና ሰማያዊውን ፈለጉ። ሱቁ ውስጥ ያሉት የመናዊ ሽማግሌ ግን አስቀድመው «ኡስታዝ፣ ገንዳችሁ ስንት ሊትር ነው?» ብለው ጠየቁን። 200 ስንላቸው ሰማያዊውን ሊሸጡልን አልፈለጉም። ይህ ዓሣ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በተፈጥሮውም ቀኑን ሙሉ በሪፉ ላይ የሚዋኝ ነው። በእኛ ገንዳ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ ሲዞር ይኖራል ማለት ነው። ትንሿ ልጃችን አለቀሰች። እኛም «ቤቱ ስለማይበቃው ነው እንጂ ስለከለከልንሽ አይደለም» አልናት። ከሱቅ የሚገኝ ትርፍ እያለ እውነቱን የነገሩንን ሽማግሌ አላህ ይስጥልን።

ሌላም ጥያቄ አለ። ዓሣው የመጣው ከየት ነው? በ1960ዎቹ በፊሊፒንስ የተጀመረ ሳያናይድ የሚባል መርዝ በሪፍ ላይ እየረጩ ዓሣን አደንዝዞ የመያዝ ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ የተያዘው ዓሣ ብዙውን ጊዜ ውሎ አድሮ ይሞታል፤ ኮራሉም ይጎዳል። ብርቱካንማዋ፣ በአረብኛ «ሰመክ ሙሀሪጅ» የምትባለው፣ ግን በሰው እጅ የምትራባ በመሆኗ ከባህር ሳትወሰድ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ሁለት ሙሀሪጅና አንድ ሽሪምፕ ብቻ ገዛን። ገንዳው ውስጥ ከመለቀቃቸው በፊት ከመጡበት ፌስታል ውሃ ላይ የእኛን ውሃ አንድ ሰዓት ያህል በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግን አላመድናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አይቋረጥም። በየሳምንቱ 20 ሊትር ውሃ እንለውጣለን። በየቀኑ የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ እንጨምራለን፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለምና የጨው ውሃ አይጨመርም። ይህንን ለልጆቹ ያስረዳናቸው በአፋር ምድር ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባህር ገብቶበት የነበረው ያ ዝቅተኛ ስፍራ ውሃው ተንኖ ጨዉ ስለቀረ ነው አባቶቻችን አሞሌ እየቆረጡ የተገበያዩበት። ሽቶ ወይም ሳሙና የነካው እጅም ገንዳው ውስጥ አይገባም። የአየር ፓምፑ የቤቱን አየር ስለሚስብ የቡናውን ዕጣን ወደ ሌላው ክፍል አዛውረነዋል።

መብራት የጠፋበት ሌሊት

በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት የሕንጻው የመብራት ሳጥን ተቃጠለ። ፓምፑም ኤሲውም ቆመ። የጅዳን የነሐሴ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞቃትና ጨዋማ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ከሌለ ደግሞ ያው ጥቂቱም ያልቃል። ቴርሞሜትሩ 28፣ ቀጥሎም 30 አለ። በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶችን ከፍሪጅ አውጥተን ገንዳው ላይ አንሳፈፍን። ልጆቹ ተራ ገብተው ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከላይ መልሰው ያፈሱ ነበር፤ አየር እንዲገባበት። የሰባት ዓመቷ ልጃችን «እኔ ተራዬ ነው» እያለች ከእንቅልፏ ሁለት ጊዜ ተነሳች። ለፈጅር ሰላት አዛን ሲደረግም በሻማ ብርሃን እየቀዳን ነበር። መብራቱ የመጣው ረፋድ ላይ ነው።

ሁለቱ ዓሦች ተረፉ። ሽሪም፟ ግን ሞተች። ትንሿ ልጃችን «ሌሊቱን ሙሉ ሠርተን ለምን ሞተች?» አለችን። እኛም የአቡ ዑመይርን ታሪክ ነገርናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሕጻኑን ኀዘን «ወፍ ብቻ ናት» ብለው አልናቁትም። እኛም የሷን አልናቅንም። የእኛ ድርሻ መቅዳት መሆኑን፣ ዕድሜ ግን በአላህ እጅ መሆኑን ያን ዕለት አስረዳናት። ከዚያ በኋላ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዝተን ከገንዳው አጠገብ አስቀምጠናል። ግመልን አስሮ ከዚያ መመካት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ለማን ይሆናል?

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገር ቤት የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያውል ሊጠይቅ ይገባዋል። እኛ ወደ አገር ቤት የምንልከውን ሳንነካ፣ በአሮጌ ገንዳና በሁለት ትንንሽ ዓሦች ተወስነናል። ለእረፍት ወደ አገራችን ስንሄድም ጎረቤታችን ተረክቦ የሚጠብቅልን መሆኑን ሳናረጋግጥ ትኬት አንቆርጥም።

ስለሆነም ይህን ለማድረግ የምታስቡ ወላጆች ሁሉ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በየሳምንቱ ውሃ ለመለወጥ ጊዜ አለን? ባዶ ገንዳ ለስድስት ሳምንት እናያለን? መብራት ቢጠፋ፣ ብንታመም፣ ብንጓዝ ተተኪው ማን ነው? መልሱ ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል። በባህር አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ልጆቻችሁን እንደ ኡብሑር ወዳለ ጸጥ ያለ ዳርቻ ወስዳችሁ የውሃ መነጽር አልብሷቸው፤ ዓሦቹን በራሳቸው ቤት ያያሉ። መልሱ ከተገኘ ግን መጀመሪያ ውሃውን አዘጋጁ፤ ዓሣው ኋላ ይደርሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ያኖረውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ሐቁን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።