ዘንቢልና ጋሪ

ገበያ የሚወጣ ሰው ገና ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ መልስ የሚሰጠው አንድ ጥያቄ አለ። ምን ይዤ ልሂድ? ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል ማንም ቁም ነገር ብሎ አያስበውም። አንዱ እጁ የለመደውን ዘንቢል ከተሰቀለበት አውርዶ ይሄዳል። ዛሬስ ዘንቢል አይበቃኝም ያለው ደግሞ ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልሎ በብብቱ ሥር ይሸጉጥና፣ ሲመለስ ጋሪ እንደሚይዝ በልቡ ወስኖ ይወጣል። እኔ ግን በዚህች ትንሽ ምርጫ ውስጥ የአንድ ቤት ኑሮ እንዳለ አምናለሁ። ዕድሜዬን ከደሞዝ እስከ ደሞዝ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ማመኔ አያስገርምም።

የምኖረው ጎሮ ነው። ጎሮ ስል የአዲስ አበባ ሰው ወዲያው በቦሌ በኩል ያለውን የራሱን ጎሮ ያስባል። የእኔው ጎሮ ባሌ ውስጥ ያለችው፣ ከሮቤ ተነስቶ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻና ወደ ጊኒር የሚያመራ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ደጋው ላይ ሲቀመጡ፣ ጎሮ ከእነሱ ዝቅ ትላለች። ገበያዋም እንደ አቀማመጧ ከላይም ከታችም ይቀበላል። ስንዴና ገብስ ይመጣል፤ የጎሮና የጊኒር አካባቢ የሚታወቅበት አብሽ፣ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድም ይመጣል። በገበያ ቀን ሻጩና ገዢው ከመታየታቸው በፊት ሰውን የሚቀበለው ሽታው ነው።

ዘንቢል ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም ግብሩ የኛው ሆኗል። ቀድሞ ከሰሌን ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው ከፕላስቲክ ጥብጣብ የተሠራው ነው። ከምንም ይሠራ ከምን፣ የዘንቢል ትልቁ ቁም ነገር ክብደቱን አለመደበቁ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሲገባበት ክንድ ያውቃል። ድንች ሲጨመርበት ትከሻ ይሰማዋል። ማንጠልጠያው መዳፍ ላይ መሥመር ሲያወጣና ጣት ሲቀላ፣ ባለቤቱ ሳይወድ በግዱ «ቲማቲሙስ ለሳምንት ይቆይ» ይላል። ኪሱ ከመናገሩ በፊት ክንዱ ይናገራል።

እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር። በቤታችን ሁለት ዘንቢሎች ነበሩ። ትልቁ ደሞዝ በገባ ሰሞን፣ ትንሹ ደግሞ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ከሚስማሩ ላይ ይወርዳሉ። ወሩ የት እንደደረሰ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አላስፈለገንም፤ ሚስማሩ ላይ የቀረው የትኛው እንደሆነ ማየት ይበቃን ነበር። ትንሹን ይዛ ስትወጣ «ብርቱካን ይዘሽልን ነይ» የሚል ልጅ አልነበረም። እናቴ ገበያ ላይ ከሻጭ ጋር እንጂ ከገንዘቧ ጋር ስትከራከር አይቻት አላውቅም። ያንን ክርክር ቤት ውስጥ ጨርሳው ነበር የምትወጣው። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሕብረት ሱቅ በራሽን ሲታደል ደግሞ ዘንቢሉ ሌላ ሥራ ተጨመረለት። ባለቤቱ ለጉዳይ ዞር ስትል፣ እሱ ሰልፉ ላይ ተቀምጦ ቦታዋን ይጠብቅላት ነበር።

ጋሪ ሌላ ነው። የኛ አገር ጋሪ ሁለት ጎማ፣ ከላይ የተደለደለ ጣውላ፣ ከፊት አንድ ፈረስ ነው። ባጃጅ ከገባ ወዲህ ሰው በጋሪ መሳፈሩን እየተወ መጥቷል። 100 ኪሎ የሚመዝነውን ኩንታል ከገበያ ወደ ቤት በማድረስ ረገድ ግን ፈረሱ ዛሬም ሥራ አልፈታም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። በጎሮ ገበያ ጋሪ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ እህሉ ይታያል፣ በመዳፍ ይዘገናል፣ እፍ ይባላል፣ አንድ ሁለት ፍሬም በጥርስ ይቆረጠማል። ዋጋ ይጠየቃል። ገዢው ተቆጥቶ ይሄዳል፤ ይጠራል፤ ይመለሳል። እህሉ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የማዳበሪያው አፍ ይሰፋል፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ባለጋሪው «ወንድም፣ እስከ መስጊዱ ጀርባ በስንት ታደርስልኛለህ?» የሚባለው። እሱም ዳገቱንና ጭቃውን፣ የፈረሱንም ድካም ቆጥሮ ዋጋውን ይናገራል። ጋሪው ራሱ የሚከፈልበት ስለሆነ ማንም ያላሰበበትን ነገር አይጭንበትም። ለሁለት ኪሎ ድንች ጋሪ የያዘ ሰው ቢኖር ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ይገባል።

እንዲህ ስል ዘንቢልን የጥበበኛ፣ ጋሪን የአባካኝ ያደረግሁ እንዳይመስል። በባሌ ደጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አገሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። አንዱ ወቅት «ገና»፣ ሌላው «ቦና» ይባላል። ቃሉ ኦሮምኛ ስለሆነ ገናው ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም። አዝመራው ሲገባ የእህል ዋጋ ረገብ ይላል፤ አዝመራው ሲርቅ ይወጣል። በአዝመራ ሰሞን ጋሪ ለመጥራት አቅም ያለው ሰው የወራት ቀለቡን በረከሰበት ዋጋ ቤቱ ያስገባል። ከዘንቢል ሌላ አቅም የሌለው ደግሞ ያንኑ ስንዴ በየሳምንቱ በጣሳ እያሰፈረ፣ ዋጋው ሲወጣ አብሮ እየወጣ ዓመቱን ይገፋል። ዓመቱ አልቆ ሒሳቡ ቢደመር፣ በኪሎ ብዙ የከፈለው ጥቂት ጥቂት የገዛው ሰው ሆኖ ይገኛል። ድሀ ሆኖ ውድ መብላት ይሉታል ይህ ነው።

ከእጅ ወደ አፍ የሆነን ኑሮ በቁጠባ ብቻ ማቃናት የሚቻል የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢያዩት ደስ ይለኛል። እናቴ በዘንቢሏ እጅግ ቆጣቢ ነበረች። ነገር ግን የቁጠባዋን ፍሬ በየሳምንቱ ጣሳውን የሚሰፍረው ነጋዴ ይወስደው ነበር። ዘንቢል ከማባከን ያድናል፤ ከድህነት ግን አያድንም።

ለዚህ በሽታ የተገኘ መድኃኒት አለ፤ አዲስም አይደለም። በዓል ሲደርስ በሬ በቅርጫ እንደሚገባው ሁሉ፣ እኛም ሦስት ደሞዝተኛ ጎረቤታሞች በአዝመራ ሰሞን ስንዴ በቅርጫ እንገዛለን። ለየብቻችን ብንሆን ሦስት ዘንቢል ነን። ገንዘባችንን ስናዋጣ ግን ጋሪ እንጠራለን። ጋሪው በሦስት ደጃፎች ይቆማል፤ ኪራዩም ለሦስት ይካፈላል። ጠብ የለውም አልልም። ሚዛኑን ማን ይያዝ፣ የማዳበሪያው ግርጌ ላይ የቀረው ጥራጊ ለማን ይሁን እየተባለ አንድ ሰዓት ይጠፋል። አንዱ ድርሻውን የደሞዝ ቀን እስኪደርስ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፤ እሱም በቀኑ በር አንኳኩቶ ይከፍላል። አንድ ወር እንኳ ሳይከፍል ቢቀር ማኅበሩ እንደሚፈርስ ሦስታችንም እናውቃለን። ጋሪውን የሚጎትተው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ይህ መተማመን ጭምር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶች ከገበያ ሲመለሱ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ግን የምገባው ሌላ ገበያ ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቅርጫትና ጋሪ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁኛል። ይህኛውም ጋሪ ይባላል። ፈረስ የለውም፤ ፈረሱ ገዢው ራሱ ነው። ኪራይ አይጠየቅበትም፣ ዳገት የለበትም፣ ጎማው በተወለወለ ወለል ላይ እንደ ሐሳብ ይንሸራተታል። ታዲያ ያለ ዋጋ የተሰጠኝ ጋሪ ለምን ተሰጠኝ ብዬ መጠየቄ አልቀረም። መልሱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ አሜሪካዊ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የሚባል መደብር ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ገዢ ባንኮኒ ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩ ያወርድለታል። ሳውንደርስ ገዢው ቅርጫት ይዞ ራሱ ከመደርደሪያው እንዲያነሳ አደረገ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሲልቫን ጎልድማን የሚባል የኦክላሆማ ሲቲ ባለሱቅ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎች መግዛት የሚያቆሙት ገንዘባቸው ሲያልቅ ሳይሆን ቅርጫታቸው ሲከብድ ነበር። እናቴ የምታውቀውን ነገር እሱም አወቀው ማለት ነው። እሷ በጎጆዋ በኩል ሆና፣ እሱ ደግሞ በካዝናው በኩል ሆኖ። ታጣፊ ወንበር አይቶ፣ መቀመጫው ላይ ቅርጫት ቢቀመጥ፣ እግሩም ጎማ ቢኖረው ብሎ አሰበና እ.ኤ.አ. በ1937 የመጀመሪያውን የሱቅ ጋሪ አወጣ።

የሚያስቀው ግን ሰው አልፈልግም ማለቱ ነው። ወንዶቹ ቅርጫት መሸከም ያቃተን እንመስላለን አሉ፤ ሴቶቹ የሕፃን ጋሪ የገፋነው ይበቃናል አሉ ይባላል። ጎልድማን ሰዎች ቀጥሮ ገዢ መስለው ጋሪ እየገፉ በሱቁ ውስጥ እንዲዘዋወሩ አደረገ። ሰው ሰውን ሲያይ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ኦርላ ዋትሰን የተባለ ሰው አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ የሚደረደረውን ጋሪ ሠራ። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ተሰካክቶ የምናየው የዚያው ዘር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጋሪዎች እናስተያያቸው። የጎሮው ጋሪ የሚመጣው ከተወሰነ በኋላ ሲሆን የሱፐርማርኬቱ ከመወሰኑ በፊት ነው። ያኛው «የገዛኸውን ላድርስልህ» ይላል፤ ይህኛው አፉን ከፍቶ «ገና አልሞላሁም» ይላል። በባዶ ጋሪ ውስጥ አንድ ሳሙናና አንድ ፓኬት ፓስታ አስቀምጦ መግፋት ለምን እንደሚያሳፍር አላውቅም፤ ብቻ ያሳፍራል። ከአንድ ሳሙና አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ የሰውን ዓይን ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። ክንድ ምንም ስለማይሰማው ነገሩ የሚታወቀው ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ሲደረስ ነው። እዚያ ሆኖ «ይህን መልሺው» ለማለት ደግሞ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ዓይን አያስችልም።

ይህ ጉዳይ የከተማ ሰው ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ የቆየውን የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶችም ከፍቷል። ትልልቅ መደብሮች ትልልቅ ጋሪ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም፤ ዛሬ አዲስ አበባ ቢሆን ነገ ሮቤ ነው። በዚያው አንፃር በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል በባዶ እጅ ገበያ መውጣትን ያስለመደን ነገር ነው። በባዶ እጅ የወጣ ሰው ምን ያህል ሊገዛ እንደወጣ አያውቅም፤ በየሱቁ አንድ አንድ ፌስታል እየተሰጠው በየጣቱ አንጠልጥሎ ይመለሳል። አዋጁ የወጣው ለአካባቢ ንጽሕና ነው፤ እኔ ግን በጎን በኩል ዘንቢልን ከሚስማሩ ላይ የሚያወርድልን ከሆነ ሁለት ጊዜ አመሰግናለሁ።

የእኔ ደንብ አጭር ነው። ለሳምንት ከሆነ ዘንቢል፣ ለአዝመራ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ጋሪ። ሱፐርማርኬት ስገባ ቅርጫቱን አነሳለሁ፤ የሚገዛውን ቤት ውስጥ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በኪሴ እይዛለሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል ሰምተን ሁላችን እንስቃለን። በዚያ በር ላይ ግን ወረቀቱ የያዘውን አለመልቀቁ ትልቅ ውለታ ነው። ያስተናገደኝ ዘመዴ ጋሪውን እየገፋ «ምነው፣ ክንድህ አይዝልም እንዴ?» ሲለኝ፣ «እንዲዝል ነው የያዝኩት» እለዋለሁ።

ጋሪን አልጠላም፤ ስንዴዬ በእሱ ነው ቤት የሚገባው። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ጋሪም ያደርሳል እንጂ አይመክርም። ምክሩ ከቤት ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው።